ሜይል ሰርቨሩ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ሲል ምን ይደረጋል? የፋይል ዲስክሪፕተር ገደብን መፈተሻና ማስተካከያ መመሪያ

«ሊሚትስ ዶት ኮንፍ ላይ 65535 ብዬ ጽፌያለሁ፣ ዩሊሚት ስጠይቀውም 65535 ይለኛል፤ ሜይል ሰርቨሩ ግን አሁንም ፋይል በዛብኝ እያለ ግንኙነት ይጥላል። ምን ቀረኝ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይመጣብኛል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ በዚያ ፋይል ያስተካከላችሁትም፣ ዩሊሚት የሚባለው ትዕዛዝ የሚያሳያችሁም የራሳችሁን ተርሚናል ገደብ ነው፤ ሜይል ሰርቨሩ የሚሠራው በሌላ ገደብ ነው። ስለዚህ እዚህ የምናደርገው ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ በሥራ ላይ ያለው ፕሮሰስ ራሱ ምን ገደብ እንደተሰጠው ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) አንብቦ ማወቅ። ቁጥር መጨመር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያስፈልግም።

መመሪያው ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሣውና የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ላለው ሊኑክስ ነው። ምሳሌዎቹ ተጠቃሚዎች የመልእክት ሳጥናቸውን የሚከፍቱበት ዶቭኮትና መልእክት የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ ናቸው፤ ሌላ ሜይል ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ ከ1 እስከ 8 ያሉት ደረጃዎች እንዳሉ ይሠሩላችኋል። ትዕዛዞቹን በሚነበቡበት ድምፅ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሩት ሥልጣን ወይም ሱዶ። የሌላ ተጠቃሚን ፕሮሰስ ዲስክሪፕተሮች ያለዚህ ማየት አይቻልም።
- የሜይል ሎጉ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ብዙ ጊዜ /ቫር/ሎግ/ሜይል.ሎግ፣ በሬድሃት ቤተሰብ /ቫር/ሎግ/ሜይልሎግ ነው። ፋይሉ ከሌለ የሲስተምዲን ሎግ የሚያሳየው ጆርናልሲቲኤል አለ።
- ፕሪሊሚት (ገደብ መለወጫ)፣ ኤስኤስ (የኔትወርክ ግንኙነቶች ማያ) እና ስትሬስ (ፕሮሰስ ለከርነሉ የሚያቀርባቸውን ጥሪዎች መከታተያ) የሚባሉት ትዕዛዞች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው ሥርዓት ላይ ቀድመው ተጭነው ይገኛሉ፤ ስትሬስን ምናልባት መጫን ይኖርባችኋል።
- ችግሩ እየታየ ያለበት ሰዓት። ፀጥ ባለ ሌሊት ቆጥራችሁ የምታገኙት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ስህተቱን እንዳያችሁ ሰርቨሩን ሪስታርት አታድርጉ። ሪስታርት ያደረጋችሁ ጊዜ የተከፈቱት ዲስክሪፕተሮች በሙሉ ይዘጋሉ፤ ማን እንደከፈታቸውና ለምን እንደከፈታቸው የሚናገረው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ችግሩ ለጥቂት ሰዓት ይሸሸግና ተመልሶ ይመጣል። ገቢ መልእክት ይጠፋል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ላኪው ሰርቨር ግንኙነቱ ካልተሳካለት ወይም በ4 የሚጀምር የጊዜያዊ ስህተት መልስ ካገኘ መልእክቱን በወረፋው ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ ለምሳሌ በነባሪ አሠራሩ ለ5 ቀን ይሞክራል። ስለዚህ ለደረጃ 1 እስከ 6 የሚበቃ ጊዜ አላችሁ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ገደቦቹን እንለያቸው

ፋይል ዲስክሪፕተር ማለት አንድ ፕሮሰስ ለከፈተው ነገር ከርነሉ የሚሰጠው ቁጥር ነው። 0፣ 1 እና 2 ለግቤት፣ ለውጤትና ለስህተት ተይዘዋል፤ ከ3 ጀምሮ ያለው ለሌላው ነው። ስሙ «ፋይል» ቢልም ሶኬትም (የኔትወርክ ግንኙነት ጫፍ)፣ ፓይፕም፣ ኢፖልም (ብዙ ሶኬቶችን በአንድ ጊዜ መጠባበቂያ)፣ ደረጃ 6 ላይ የምናየው አይኖቲፋይም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁጥር ይወስዳሉ። ሜይል ሰርቨር በዚህ ገደብ ቶሎ የሚያዘውም ለዚህ ነው፤ ዲስኩ ላይ ብዙ ፋይል ባይከፍት እንኳ እያንዳንዱ ደንበኛ ቢያንስ አንድ ሶኬት ይዞ ይቀመጣል።

ከላይ እስከ ታች አራት ገደቦች አሉ። ፋይል-ማክስ የመላው ማሽን ጣሪያ ነው። ኤንአር_ኦፕን አንድ ፕሮሰስ ከቶ ሊያልፈው የማይችለው ነው፤ የከርነሉ ነባሪ 1048576 ነው፤ አንዳንድ ሥርዓት ላይ ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ተደርጎ ይገኛል። ሃርድ ሊሚት ለዚያ ፕሮሰስ የተፈቀደለት የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ሶፍት ሊሚት ደግሞ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የሚያስቆመው ቁጥር ነው። ሶፍቱ ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው 1024 ነው። ሃርዱ በከርነሉ ነባሪ 4096 ሲሆን ሲስተምዲ ከ240ኛው ሥሪት ጀምሮ ወደ 524288 ከፍ አድርጎታል። ፕሮሰስ በራሱ ሶፍቱን እስከ ሃርዱ ድረስ ማንሣት ይችላል፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲነሡ በእርግጥ ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹ አያደርጉም። ስለዚህ በግምት አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ የስህተቱን መስመር ቃል በቃል አንብቡ

«ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ዶቭኮት --ሲንስ ቱዴይ | ግሬፕ -አይ "ቱ ሜኒ ኦፕን"» በሉ። ፖስትፊክስ ከሆነ የሎግ ፋይሉን ራሱን ግሬፕ አድርጉ።

ከሚመጡት መስመሮች መጨረሻቸውን አስተውሉ። «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ብሎ የሚያቆመው ኢኤምፋይል፣ ቁጥሩ 24 የሆነው ስህተት ነው፤ አንድ ፕሮሰስ የራሱን ገደብ ነክቷል ማለት ነው። «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ ኢን ሲስተም» ብሎ ሁለት ቃል የሚጨምረው ደግሞ ኤንፋይል፣ ቁጥሩ 23 ነው፤ ያለቀው የማሽኑ ጠቅላላ ሰንጠረዥ ነው። መድኃኒታቸው አይገናኝም። የመጀመሪያው ሆኖ ሳለ ፋይል-ማክስን ብትጨምሩ፣ ወይም ሁለተኛው ሆኖ ሳለ የፕሮሰሱን ገደብ ብታነሡ፣ ምንም አይለወጥም። ሁለተኛውን ካያችሁ ቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።

ዶቭኮት ሲነሣ ሎግ ላይ የሚጥላት አንድ ማስጠንቀቂያም አለች፦ «ኤፍዲ ሊሚት (ዩሊሚት -ኤን) ኢዝ ሎወር ዛን ሪኳየርድ አንደር ማክስ. ሎድ»፣ ከዚያ በቅንፍ ሁለት ቁጥር። የግራው ያላችሁ፣ የቀኙ የሚያስፈልጋችሁ ነው። ብዙ ሰው ሰርቨሩ ስለሠራለት ብቻ ያልፋታል። አትለፏት፤ ችግሩ ከመድረሱ በፊት ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግራችሁ ሌላ የለም።

ደረጃ 2፦ ጥፋተኛውን ፕሮሰስ ለዩ

ሜይል ሰርቨር አንድ ፕሮሰስ አይደለም። ፖስትፊክስ ማስተር፣ ኪውኤምጂአር፣ ኤስኤምቲፒዲ፣ ክሊንአፕ፣ አንቪል፣ ፕሮክሲማፕ እያለ ይሄዳል፤ ዶቭኮትም ኢማፕ-ሎጊን፣ ኢማፕ፣ ኦዝ፣ ኤልኤምቲፒ እያለ። ገደቡ የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ለየብቻ ስለሆነ «ዶቭኮት ስንት ከፈተ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም፤ «የትኛው ፕሮሰስ?» ነው መባል ያለበት።

በሎጉ መስመር መጀመሪያ አካባቢ የፕሮግራሙ ስም አለ፤ ፖስትፊክስ ከጎኑ በካሬ ቅንፍ የፕሮሰሱን ቁጥር ይጽፋል። ስሙን ብቻ ካገኛችሁ «ፒግሬፕ -ኤ ኢማፕ-ሎጊን» ብላችሁ ቁጥሮቹን አውጡ። ከዚህ በኋላ በምሳሌ 2417ን እንከተላለን።

ደረጃ 3፦ ፕሮሰሱ የተሰጠውን ገደብ ከከርነሉ አንብቡ

«ሱዶ ካት /ፕሮክ/2417/ሊሚትስ» በሉ። ከመስመሮቹ መካከል እንዲህ የሚል ታገኛላችሁ፦

ማክስ ኦፕን ፋይልስ     1024     524288     ፋይልስ

የመጀመሪያው ቁጥር ሶፍት፣ ሁለተኛው ሃርድ ነው። ሁሉም ክርክር እዚህ ያበቃል። ዩሊሚት ምንም ይበል፣ ሊሚትስ ዶት ኮንፍ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ይህ ፕሮሰስ 1024 ላይ ይቆማል።

ለምን ይለያያል? ገደብ ከወላጅ ፕሮሰስ ወደ ልጅ ይወረሳል። የእናንተ ሼል የተወለደው ከሎጊን ነው፤ በሎጊን ጊዜ ፓም የሚባለው የመግቢያ ሥርዓት ሊሚትስ ዶት ኮንፍን አንብቦ ገደቡን ያስቀምጣል። ሜይል ሰርቨሩ ግን የተወለደው ከሲስተምዲ ነው፤ በሎጊን በር አላለፈም፣ ያንን ፋይልም ማንም አላነበበለትም። ሲስተምዲ የሚያዳምጠው የራሱን የዩኒት ፋይል፣ ማለትም ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሣ የሚገልጸውን ፋይል ነው።

ደረጃ 4፦ ስንት እንደተከፈተና ምን እንደሆነ እዩ

«ሱዶ ኤልኤስ /ፕሮክ/2417/ኤፍዲ | ደብሊውሲ -ኤል»። 1019 ወይም 1022 የመሰለ ለ1024 የተጠጋ ቁጥር ካገኛችሁ ምርመራው ተረጋግጧል። 60 ካገኛችሁ ግን ተሳስታችኋል፤ ወይ ሌላ ፕሮሰስ ነው፣ ወይ ጭነቱ አልፏል፣ ወይ ደረጃ 6 ላይ የምናየው የአይኖቲፋይ ጉዳይ ነው።

በኤልኤስኦኤፍ አትቁጠሩ። ኤልኤስኦኤፍ ዲስክሪፕተር የሌላቸውን ነገሮችም ይዘረዝራል፦ ሜሞሪ ላይ የተጫኑ ላይብረሪዎችን፣ የፕሮግራሙን ፋይል፣ የሚሠራበትን ፎልደር። መስመሮቹን ቆጥራችሁ ገደቡ ታልፏል ብትሉ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ዓይነታቸውን ለዩ። «ሱዶ ኤልኤስ -ኤል /ፕሮክ/2417/ኤፍዲ» ስትሉ እያንዳንዱ ቁጥር ቀስት ይዞ ወዴት እንደሚያመለክት ይታያል። በሥራ ላይ ያለ ኢማፕ-ሎጊን ላይ የምታዩት በአብዛኛው «ሶኬት» የሚል መስመር ይሆናል፤ መሐል መሐል ፓይፕና አንድ ኢፖል። አብዛኛው ሶኬት ከሆነ ነገሩ የግንኙነት ብዛት ነው። አብዛኛው የዲስክ ፋይል ከሆነ የካርታ ፋይሎችን (ሰርቨሩ አድራሻ የሚፈልግባቸውን ሰንጠረዦች) ወይም የመልእክት ሳጥኖችን ተመልከቱ። ከስሙ ኋላ «ዲሊትድ» የሚል የተለጠፈበት ከበዛ ደግሞ የተሰረዙ ፋይሎችን አልዘጋም ብሎ የያዘ ፕሮግራም አለ፤ ይህ ዲስክም ይበላል።

ደረጃ 5፦ ጭነት ነው ወይስ ፍሳሽ?

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቁጥሩን በየወሩ እያሳደገ ይኖራል። የደረጃ 4ን ቆጠራ በየደቂቃው የምትመዘግብ አጭር ስክሪፕት አቁሙ፤ ጥድፊያ ካለበት ሰዓት ጀምሮ እስኪረግብ ድረስ ትመዝግብ። ቁጥሩ ከተጠቃሚው ጋር ከወጣ፣ ከተጠቃሚውም ጋር ከወረደ፣ እውነተኛ ጭነት ነው፤ ገደቡ ያንሳል፣ ትጨምራላችሁ። ሌሊትም ሳይወርድ ደረጃ በደረጃ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን አንድ ፕሮግራም የከፈተውን አይዘጋም። እዚህ ላይ ገደብ መጨመር ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ባልዲ እንደማስፋት ነው።

ፍሳሽ ከጠረጠራችሁ «ሱዶ ኤስኤስ -ቲኤንፒ ስቴት ክሎዝ-ዌት» በሉ። ክሎዝ-ዌት ማለት ወዲያኛው ወገን ስልኩን ዘግቷል፣ የእኛ ፕሮግራም ግን ሶኬቱን ገና አልዘጋም ማለት ነው። ለሰከንድ መታየቱ ጤነኛ ነው፤ በመቶዎች ተደርድረው ከቆዩ በመስመሩ መጨረሻ ስሙ የተጻፈው ፕሮሰስ ጥፋተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ከሜይል ሰርቨሩ ጋር የተገናኘ የአይፈለጌ መልእክት ወይም የቫይረስ ማጣሪያ ሆኖ ይገኛል፤ መድኃኒቱም ያንን ማጣሪያ ወደ አዲስ ሥሪት ማሳደግ ነው።

ታይም-ዌት ብዛቱ አያስደንግጣችሁ። በሺዎች ቢታይ እንኳ ፕሮግራሙ ሶኬቱን ዘግቶ ጨርሷል፤ ዲስክሪፕተር አይዝም።

ሌላው ምልክት ሲፒዩ ነው። ገደቡ የሞላበት ፕሮሰስ አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቅተዋል፤ ግንኙነቱ ግን ከበር ላይ አልሄደም። ስለዚህ ከርነሉ «እንግዳ አለ» ይለዋል፣ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ወዲያው ደግሞ ይነገረዋል። ፕሮግራሙ በዚህ መሐል ዕረፍት እንዲወስድ ካልተጻፈ አንድ ኮር 100 ፐርሰንት ይዞ ይሽከረከራል። «ሱዶ ስትሬስ -ፒ 2417» ብትሉ አክሴፕት4 የሚለው ጥሪ ኢኤምፋይል እየመለሰ በተከታታይ ሲፈስስ ታዩታላችሁ። ስትሬስ ፕሮሰሱን ስለሚያዘገይ ጥቂት ሰከንድ አይታችሁ አቁሙት።

ደረጃ 6፦ የማሽኑን ጠቅላላና አይኖቲፋይን አረጋግጡ

«ካት /ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/ፋይል-ኤንአር» ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ አሁን የተያዘው፣ ሁልጊዜ 0 የሚሆነው መካከለኛ፣ እና ጣሪያው። አንደኛው ለሦስተኛው ካልተጠጋ ማሽኑ ደህና ነው። አዳዲስ ሲስተምዲ ላይ ጣሪያው እጅግ ትልቅ ስለሆነ ይህ ችግር ዛሬ ብዙም አያጋጥምም። ካጋጠማችሁ የከርነል ቅንብሮች በሚቀመጡበት በ/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ ሥር ኤፍኤስ.ፋይል-ማክስን ከፍ የሚያደርግ ፋይል ጽፋችሁ «ሱዶ ሲስሲቲኤል --ሲስተም» በሉ። ግን ከዚያ በፊት ማን እንደበላው ፈልጉ።

አሁን ሰውን በብዛት ወደሚያሳስተው እንምጣ። አይኖቲፋይ ፋይል ሲለወጥ የሚያሳውቅ የከርነል አገልግሎት ነው፤ ዶቭኮት አዲስ መልእክት መግባቱን ለደንበኛው ወዲያው ለመንገር ይጠቀምበታል። አንድ ተጠቃሚ ስንት አይኖቲፋይ መክፈት እንደሚችል የሚወስነው /ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/አይኖቲፋይ/ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስ ነው፤ በብዙ ሥርዓት ላይ 128 ነው። ይህ ገደብ ሲያልቅ ከርነሉ የሚመልሰው ስህተት ያው ኢኤምፋይል፣ ያው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ነው! የመልእክት ሳጥኖች ሁሉ ቪሜይል በሚባል አንድ የሥርዓት ተጠቃሚ ሥር ከሆኑ ኢማፕ ፕሮሰሶቹ በሙሉ ከአንድ ድርሻ ይካፈላሉ፤ ስልክና ኮምፒውተር ከፍተው የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች 128ን ይጨርሱታል። ዶቭኮት በሎጉ የአይኖቲፋይን ስም ጠርቶ ይህንኑ ቁጥር ጨምሩ ይላል። የፕሮሰሱ ዲስክሪፕተር 40 ሆኖ ስህተቱ ከመጣ ይህን ጠርጥሩ። ማስተካከያው በሲስሲቲኤል ፋይሉ ላይ ኤፍኤስ.አይኖቲፋይ.ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስን በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ ከምትሏቸው ብዛት በላይ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ 4096። ሪስታርት አይጠይቅም።

ደረጃ 7፦ ለጊዜው መተንፈሻ ስጡ

ጭነት መሆኑን ካረጋገጣችሁና ሰዉ እየጮኸባችሁ ከሆነ «ሱዶ ፕሪሊሚት --ፒአይዲ 2417 --ኖፋይል=8192:524288» በሉ። ከሁለት ነጥቡ ግራ ሶፍቱ፣ ቀኝ ሃርዱ ነው። ፕሮሰሱ ሳይነካ፣ ማንም ሳይቋረጥ ገደቡ ወዲያው ይነሣል። ደረጃ 3ን ደግማችሁ አረጋግጡ።

ሁለት ነገር እወቁ። ትዕዛዙ የሚነካው ያንን አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነው፤ ቀድመው የተወለዱ ልጆቹ በድሮው ገደብ ይቀራሉ፣ ከዚህ በኋላ የሚወልዳቸው ግን አዲሱን ይወርሳሉ። ሁለተኛ፣ ሰርቪሱ ሪስታርት ሲሆን ሁሉም ይጠፋል። አንዳንድ ፕሮግራምም ሲነሣ ገደቡን አንድ ጊዜ አንብቦ የውስጥ ሰንጠረዡን በዚያ ልክ ስለሚሠራ በኋላ የተጨመረለትን አይጠቀምበትም።

ደረጃ 8፦ በሲስተምዲ በቋሚነት አስተካክሉ

መጀመሪያ ቁጥር ምረጡ። በደረጃ 5 ያያችሁትን ከፍተኛ ቁጥር በ2 አባዙና ወደሚቀጥለው የ2 ርቢ (4096፣ 8192፣ 16384 ወደሚሉት) ጠጋ አድርጉት። ገደቡ የሞላው ከፍተኛው ሳይታይ ከሆነ ከግንኙነት ብዛት ተነሡ፦ ኢማፕ-ሎጊን ቲኤልኤስ (የግንኙነት ምስጠራ) ያለበትን ደንበኛ ከገባ በኋላም ሲያስተላልፍለት ይቆያል፤ አንዱ ሶኬት ወደ ደንበኛው፣ ሌላው ወደ ኢማፕ ፕሮሰሱ። ለ3000 ደንበኛ 6000፣ ለሎግና ለኦዝ (ማንነት ለሚያረጋግጠው ፕሮሰስ) ትንሽ ጨምሩ፣ እጥፍ አድርጉ፤ 16384 ይበቃል።

ከዚያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ዶቭኮት» ብላችሁ በሚከፈተው ባዶ ፋይል እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፉ፦

[ሰርቪስ]
ሊሚትኖፋይል=16384

ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ በሁለተኛው መስመር የ«ሊሚት» መጀመሪያና «ኖፋይል» በሙሉ በትልቁ ፊደል ነው። አንድ ቁጥር ስትሰጡ ሶፍቱም ሃርዱም እሱ ይሆናል። በሁለት ነጥብ ለያይታችሁም መስጠት ትችላላችሁ። ዋናውን የዩኒት ፋይል በቀጥታ አታርሙ፤ ፓኬጁ ሲታደስ ይጻፍበታል፣ ለውጣችሁም ሳታውቁት ይሄዳል። ኤዲት የሚለው ትዕዛዝ በ/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም ሥር ለብቻው የሚቀመጥ ፋይል ስለሚያዘጋጅ ከዚህ ያድናችኋል። ፋይሉን በእጃችሁ ከፈጠራችሁት ግን «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ» ማለትን አትርሱ።

አሁን «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ዶቭኮት»። ሪሎድ አይበቃም። ሪሎድ ለቆየው ፕሮሰስ «ኮንፊግህን ደግመህ አንብብ» ይለዋል እንጂ እንደ አዲስ አያስወልደውም፤ ገደብ ደግሞ የሚሰጠው ሲወለድ ነው።

የፖስትፊክስ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በብዙ የዴቢያንና የኡቡንቱ ሥሪቶች «ፖስትፊክስ» የሚለው ዩኒት ለስም ያህል የቆመ ነው፤ ማስተሩን በትክክል የሚያስነሣው «ፖስትፊክስ@-» የሚባለው ነው። ለውጡን በመጀመሪያው ላይ ጽፎ ለምን አልሠራም የሚል ሰው ብዙ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የማስተሩን ቁጥር ይዛችሁ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ከቁጥሩ ጋር በሉ፤ የየትኛው ዩኒት ልጅ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ኮንቴይነር ውስጥ ከሆናችሁ ውስጥ ያለው ሲስተምዲ ሳይሆን ኮንቴይነሩን ያስነሣው ነው የሚወስነው። በዶከር «--ዩሊሚት ኖፋይል=16384:16384» ብላችሁ አስነሡት።

ደረጃ 9፦ የሜይል ሰርቨሩን የራሱን ቁጥሮች አስታርቁ

ከርነሉ ቢፈቅድም ፕሮግራሙ የራሱ ጣሪያ አለው። ዶቭኮት 2.3 ላይ ዲፎልት_ክላየንት_ሊሚት 1000፣ ዲፎልት_ፕሮሰስ_ሊሚት 100 ነው። የኢማፕ-ሎጊን ሰርቪስ_ካውንት 1 ከሆነ እያንዳንዱ ፕሮሰስ አንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚይዝ የዲስክሪፕተር ገደብ አያስጨንቀውም፤ 0 ከሆነ ግን አንዱ ፕሮሰስ ብዙ መቶ ደንበኛ ይሸከማል፣ 1024ም ቶሎ ያልቃል። ክላየንት_ሊሚቱን ስታሳድጉ የፕሮሰሱን የሜሞሪ ጣሪያ፣ ቪኤስዜድ_ሊሚትን፣ አብራችሁ እዩ። የኦዝንም ክላየንት_ሊሚት አትርሱ፤ ካነሰ ዶቭኮት ሲነሣ በሎጉ ይነግራችኋል።

ፖስትፊክስ ላይ ዲፎልት_ፕሮሰስ_ሊሚት 100 ነው። ኤስኤምቲፒዲ ራሱ ጥቂት ዲስክሪፕተር ነው የሚይዘው። የሚጨናነቁት ብዙ ፕሮሰሶች በአንድ ጊዜ የሚጠይቋቸው ናቸው፦ አንቪል፣ ቲኤልኤስኤምጂአር፣ ፕሮክሲማፕ። ፕሮሰሱን ወደ 1000 ስታሳድጉ አንዱ አንቪል እስከ 1000 ግንኙነት ሊይዝ ነው። ስለዚህ የፕሮሰስ ብዛትንና የዲስክሪፕተር ገደብን ለየብቻ አታሳድጉ። በተቃራኒው የማሽኑ ጠቅላላ ከሆነ የተጨናነቀው፣ የፕሮሰስ ብዛትን መቀነስ ወይም የዳታቤዝ ካርታዎች ፊት «ፕሮክሲ፦» የሚለውን መጨመር ይረዳል፤ እያንዳንዱ ኤስኤምቲፒዲ የራሱን ከመክፈት በፕሮክሲማፕ በኩል ይጋራል።

ደረጃ 10፦ አረጋግጡ፣ ጫኑበት፣ ጠብቁት

ደረጃ 3ን በአዲሱ የፕሮሰስ ቁጥር ድገሙ። «ሲስተምሲቲኤል ሾው ዶቭኮት -ፒ ሊሚትኖፋይል» የሚለው ሲስተምዲ ምን እንዳሰበ ያሳያል፤ ሊሚትስ የሚለው ፋይል ግን ምን እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱ ከተለያዩ አብዛኛውን ጊዜ ሪስታርት አልተደረገም ማለት ነው።

ለገቢ መልእክት መጫኛ ከፖስትፊክስ ጋር የሚመጣው ኤስኤምቲፒ-ሶርስ አለ፤ በ-ኤስ ስንት ግንኙነት በአንድ ጊዜ፣ በ-ኤም ስንት መልእክት እንደሚልክ ትነግሩታላችሁ። የራሳችሁ በሆነ የሙከራ ሰርቨር ላይ ብቻ ተጠቀሙበት። ከሌላ ማሽን ስትሞክሩ ፖስትፊክስ ከአንድ አድራሻ በነባሪ 50 ግንኙነት ብቻ እንደሚቀበል አስታውሱ፤ ማይኔትወርክስ (የምታምኗቸው አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ያሉት ግን ከዚህ ነፃ ናቸው። አለበለዚያ 51ኛው ሲመለስ የዲስክሪፕተር ችግር ይመስላችኋል።

የደረጃ 5ን ስክሪፕት አታጥፉት። የተከፈተው ከሶፍቱ 80 ፐርሰንት ሲያልፍ እንዲያስጠነቅቃችሁ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ጊዜ ለምርመራ ይበቃችኋል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

«ዩሊሚት -ኤን 65535» ብሎ ሰርቪሱን በሲስተምሲቲኤል ማስነሣት። ትዕዛዙን ያሰማችሁት ለሼላችሁ ነው፤ ሰርቪሱን የሚወልደው ሲስተምዲ አልሰማም።

ገደቡን «ኢንፊኒቲ» ማድረግ። ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲነሡ ከ3 ጀምሮ እስከ ገደቡ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ልዝጋ ብለው ይዞራሉ። ገደቡ ከ1 ቢሊዮን በላይ ከሆነ አንድ ኮር ለደቂቃዎች ያለ ሥራ ይቃጠላል። ኮንቴይነር ውስጥ ሰርቪስ ሳይነሣ ተንጠልጥሎ ከቀረ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ሁሉንም ፕሮግራም በጅምላ ማሳደግ። ሰሌክት የሚባለውን የቆየ ጥሪ የሚጠቀም ፕሮግራም ከ1023 በላይ የሆነ ዲስክሪፕተር ሲያጋጥመው ሜሞሪውን ሊያበላሽና ሊወድቅ ይችላል። ሶፍት ሊሚቱ እስከ ዛሬ 1024 ላይ የቆየውም ስለዚህ ነው። ከሜይል ሰርቨሩ አጠገብ የሚሮጥ ያረጀ ማጣሪያ ካላችሁ በምን እንደተሠራ ሳታውቁ አትንኩት፤ ሊሚትኖፋይልን ለሚያስፈልገው ዩኒት ብቻ ጻፉ።

ከኤንአር_ኦፕን በላይ መጠየቅ። 2000000 ብላችሁ ፕሪሊሚት «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ካላችሁ ሩት ሆናችሁም ቢሆን የከለከላችሁ ይህ ነው። ያን ያህል የሚያስፈልገው ሜይል ፕሮሰስ ካለ ግን ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።